ንጉሥ ያላደነበት «የንጉሥ ጆን የአደን ቤት»፦ የአክስብሪጅ የአካባቢ ታሪክ ሙዚየም የጉዳይ ጥናት

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በሰመርሴት ግዛት፣ ከሜንዲፕ ኮረብቶች ሥር አክስብሪጅ የምትባል ሁለት ሺህ ያህል ነዋሪ ያላት ትንሽ ከተማ አለች። ዋናው መንገድ ከአደባባይዋ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ምድር ቤቱን ጨምሮ ሦስት ደርብ ያለው የእንጨት ቤት ቆሟል። አገሬው የሚያውቀው «የንጉሥ ጆን የአደን ቤት» በሚል ስም ነው። ንጉሥ ጆን እንግሊዝን የገዙት ከ1199 እስከ 1216 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ ቤቱ ግን የተሠራው በ1460 ገደማ ነው፤ ወደ 1500 የሚያስጠጉትም አሉ። ከሁለቱ የትኛውም ቢወሰድ ንጉሡ ከሞቱ ከሁለት መቶ አርባ ዓመት በላይ አልፎ ነበር። የሠራውም ለንግድ ቦታ የፈለገ ባለጸጋ እንጂ ለአደን የወጣ መኳንንት አልነበረም።

ዛሬ በቤቱ ውስጥ የአካባቢውን ታሪክ የሚያሳይ ሙዚየም አለ፤ የሚንቀሳቀሰውም በከተማዋና በዙሪያዋ በሚኖሩ በጎ ፈቃደኞች ነው። ይህ ጥናት የሚጠይቀው በበጎ ፈቃድ ጉልበት የቆመ ትንሽ ሙዚየም ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረን የእንጨት ቤት ተሸክሞ እንዴት ሊዘልቅ እንደቻለ ነው። መልሱ አጭር ነው፤ ቤቱን የተሸከመው ሙዚየሙ አይደለም። ይህ አንድ እውነታ ከሌላው ሁሉ ይልቅ የዚህን ጉዳይ መልክ ስለሚወስን፣ ወደ እርሱ ከመድረሳችን በፊት ቤቱ ራሱ ምን እንደሆነና የተሳሳተ ስሙን ከየት እንዳገኘ ማየት ያስፈልጋል።

የስሙ መነሻ መጠጥ ቤት ነው። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቤቱ «የንጉሡ ራስ» በሚል ስም የሚጠራ መጠጥ ቤት ሆኖ አገልግሏል፤ በማዕዘኑ ላይ የሚታየው ከእንጨት የተቀረጸ የንጉሥ ራስም የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። ትውልድ ሲያልፍ መጠጥ ቤቱ ተረሳ፣ የተቀረጸው ራስ ግን ቀረ፤ ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ሲመጣም ሕዝቡ ስም ሰጠው። የተሰጠው ስም ከባዶ ሜዳ የተነሣ አልነበረም። ሜንዲፕ በመካከለኛው ዘመን የነገሥታት የአደን ደን ነበር። ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው ቼዳር የሳክሰን ነገሥታት መኖሪያ እንደነበረም በ1960ዎቹ መጀመሪያ በተደረገ ቁፋሮ ተረጋግጧል። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኤድመንድ አጋዘን እያሳደዱ ከቼዳር ገደል አፋፍ በተአምር እንደተረፉ የሚነገረው ታሪክም የዚሁ አካባቢ ነው። ንጉሥ ጆን ደግሞ በ1204 የቼዳርንና የአክስብሪጅን ይዞታ በዚያው በሰመርሴት ላለችው ለዌልስ ከተማ ሊቀ ዲያቆን ለሂዩ አስተላልፈዋል። አገሩ እንግዲህ በእርግጥ የነገሥታት የአደን አገር ነበር፤ ስሕተቱ ያንን እውነት ይህ ቤት ላይ መለጠፉ ነው። እንዲህ ያለው ስሕተት ከተራ ፈጠራ ይልቅ ለማረም ያስቸግራል፣ ምክንያቱም አራሚው በአንድ በኩል «አይደለም» ሲል በሌላ በኩል «ግን» ለማለት ይገደዳል።

ቤቱን ያየ ሰው ግን የነጋዴ ቤት መሆኑን ለማወቅ ሰነድ ብዙም አያስፈልገውም። ምድር ቤቱ ወደ መንገዱ የሚከፈት ሱቅ ነበር፤ መካከለኛው ደርብ ቤተሰቡ የሚኖርበትና የሚሠራበት፣ ላይኛው ደርብ ደግሞ መኝታና የዕቃ ማከማቻ ነበር። በጠባብ የከተማ ቦታ ላይ ገበያተኛ በሚያልፍበት ማዕዘን ወደ ላይ መሥራት የነጋዴ ስሌት ነው። ለአደን ቤት የሚመርጥ ሰው ፊቱን ወደ ደን እንጂ ወደ ገበያ አያዞርም።

የአሠራሩ ጥበብ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የዚያ ዘመን የእንግሊዝ አናጢዎች የኦክን እንጨት እርጥብ ሳለ ነበር የሚሠሩበት፤ ከደረቀ በኋላ ለመሮም ለመጥረቢያም ያስቸግራልና። ቋሚውና አግዳሚው አስቀድሞ መሬት ላይ ተነጥፎ ይለካል፤ የአንዱ ጫፍ ተቀርጾ በሌላው ላይ በተፈለፈለው ቀዳዳ ይገባና በእንጨት ችንካር ይያዛል፤ በየመገጣጠሚያው ላይ ምልክት ይጫራል፤ ከዚያ ሁሉም ፈርሶ ወደ ቦታው ተወስዶ እንደ ምልክቱ ይቆማል። በዐፅሙ መካከል የሚቀረው ክፍት ቦታ በልምጭ ይታጠርና ጭድና እበት በተቦካበት ጭቃ ይመረጋል፤ በላዩም ኖራ ይቀባል። በጭቃ ቤት ያደገ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ቋሚውን፣ ማገሩንና ምርጊቱን ያለ አስጎብኚ ይለየዋል፤ ልዩነቱ የእንግሊዙ ቤት ክብደቱን ሁሉ የሚጥለው በጥቂት ወፋፍራም ምሰሶዎች ላይ መሆኑ ነው። በአክስብሪጁ ቤት የላይኞቹ ደርቦች ከሥራቸው ካለው ይልቅ ወደ መንገዱ ወጣ ብለው ይታያሉ። ቤቱ የማዕዘን ቤት ስለሆነ ይህ መውጣት በሁለት ጎን ነው፤ ስለዚህ ወራጆቹ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሊዘረጉ አይችሉም። አናጢው ከቤቱ ውስጥ ወደ ማዕዘኑ በሰያፍ የሚሄድ አንድ ትልቅ ወራጅ አስቀምጦ፣ ትንንሾቹን ወራጆች ከግራና ከቀኝ በእርሱ ላይ ያሳርፋል፤ ያ ወራጅ ደግሞ ጭነቱን ለማዕዘኑ ምሰሶ ያስረክባል። የቤቱ ዕድሜ የተንጠለጠለው በዚህ ምሰሶና በዚህ ወራጅ መገናኛ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ዝናብም ጋሪም በኋላም መኪና በመጀመሪያ የሚያገኙት እርሱን ነውና።

መኪናው ቀላል ጉዳይ አልነበረም። አክስብሪጅ ጠባብ መንገዷ የአገር አቋራጭ ተሽከርካሪዎች መተላለፊያ ሆኖ ለብዙ ዓመታት ተጨናንቃ ነበር። እፎይታ ያገኘችው በ1967 ሲሆን፣ ከከተማዋ ዳር የሚያልፈው አዲስ መንገድ የተሠራው ከጥቂት ዓመታት በፊት አገልግሎቱ በተቋረጠው የባቡር ሐዲድ ላይ ነው። የአካባቢው እንጆሪ ወደ ገበያ ይጫንበት ስለነበር «የእንጆሪ መሥመር» ይባል የነበረው ይህ ሐዲድ ከተማዋ የደረሰው በ1869 ሲሆን፣ መንገደኛ ማመላለሱን ያቆመው በ1963 ነው። ነዋሪዎቹ ከጭነት መኪና ነፃ የወጣውን አደባባይ ያከበሩት የከተማዋን ታሪክ በትዕይንት በማቅረብ ነበር፤ ትዕይንቱ በ1970 ተደግሞ ከዚያ በኋላ በየዐሥር ዓመቱ የሚካሄድ ልማድ ሆኗል። የ2020ው በወረርሽኙ ምክንያት ወደ 2022 ተላልፏል። ይህን የማነሣው ለጌጥ አይደለም። የበጎ ፈቃድ ሙዚየም የሚቆመው ታሪኩን የራሱ ጉዳይ አድርጎ የሚይዝ ሕዝብ ባለበት ነው፤ የከተማዋን ታሪክ በአደባባይ መልሶ መኖር የለመደ ሕዝብ ደግሞ ለሙዚየሙ ተረኛ ጠባቂ ለማግኘት እምብዛም አይቸገርም።

ቤቱ ራሱ ወደ ሙዚየምነት የመጣበት መንገድ በሦስት ዓመተ ምሕረቶች ሊጠቃለል ይችላል። በ1930 አንዲት ግለሰብ ገዙት። በ1968 ሲሞቱ በኑዛዜ ለናሽናል ትረስት አወረሱት። በ1971 ቤቱ ክፉኛ ተጎሳቁሎ ስለነበር ሰፊ ጥገና ተደረገለት። ከሦስቱ ወሳኙ ሁለተኛው ነው፤ ለምን እንደሆነም ዘርዘር አድርጎ ማየት ይገባል።

ናሽናል ትረስት በ1895 የተመሠረተ የእንግሊዝ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲሆን፣ ሥራው ታሪካዊ ቤቶችንና መልክአ ምድርን ለሕዝብ ጥቅም መያዝ ነው። የመጀመሪያው ቤቱም በ1896 በዐሥር ፓውንድ የገዛው በአልፍሪስተን የሚገኝ የመካከለኛው ዘመን የእንጨት ቤት ነበር፤ ስለዚህ ከእንዲህ ዓይነቱ ቤት ጋር ያለው ትውውቅ ከድርጅቱ ዕድሜ ጋር እኩል ነው ለማለት ይቻላል። በ1907 የወጣው ሕግ ድርጅቱ ይዞታውን የማይሸጥና የማይለወጥ ብሎ የማወጅ ልዩ ሥልጣን ሰጥቶታል፤ እንዲህ የታወጀ ይዞታ ያለ ፓርላማ ፈቃድ ከእጁ ሊወጣ አይችልም። ለአንድ አሮጌ የእንጨት ቤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚገባን ሌላውን ዕድል ስናስብ ነው። ቤቱ በግል እጅ ቢቀር ኖሮ በየወራሹ ይከፋፈል፣ በየኪራዩ ይቆራረስ ነበር፤ በጥቂት በጎ ፈቃደኞች ማኅበር እጅ ቢወድቅ ደግሞ አንድ የጣሪያ ጥገና ብቻ ማኅበሩን ከነሙዚየሙ ሊያፈርሰው ይችል ነበር።

በአክስብሪጅ የሥራ ክፍፍሉ በሚከተለው መልክ ሄዷል። ቤቱ የናሽናል ትረስት ነው። በውስጡ ያለውን ሙዚየም የሚያስተዳድረው የአክስብሪጅና አካባቢው ሙዚየም ባለአደራ ማኅበር ሲሆን፣ ለዚሁ ተባባሪ ሆነው የሠሩት የሴጅሙር ወረዳ ምክር ቤት፣ የሰመርሴት ግዛት የሙዚየሞች አገልግሎትና የከተማዋ የአርኪዮሎጂና የአካባቢ ታሪክ ማኅበር ናቸው። በር የሚከፍቱት፣ እንግዳ የሚቀበሉት፣ ልጆችን የሚያስጎበኙት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ሙዚየሙም የሚከፈተው ከጸደይ እስከ መጸው ባሉት ወራት ነው። ለአንድ ትንሽ ቤት የባለድርሻው ብዛት የሚያስገርም ይመስላል፤ በኔ ግምት ግን ያቆየው ይኸው ነው። ከቤቱ ክብደት ነፃ የሆነው ማኅበር ጉልበቱን በሙሉ ለታሪኩ ሊያውል ቻለ። የሙያ ምክር ያስፈለገው ዕለት ከግዛቱ ባለሙያዎች ያገኛል፤ የምርምር ውጤት ከታሪክ ማኅበሩ ይመጣለታል፤ ጣሪያው ሲያፈስ የሚደውልበትን ስልክ ያውቃል።

አሁን ወደ ጉዳዩ አስቸጋሪ ክፍል እንግባ። የመካከለኛው ዘመን የእንጨት ቤት ከሁሉ የላቀ ኤግዚቢት (ለእይታ የሚቀርብ ቅርስ) ነው፤ በዚያው ልክ ለሌላው ኤግዚቢት ሁሉ መጥፎ ማደሪያ ነው። የኦክ ዐፅም ከአየሩ ጋር አብሮ ይተነፍሳል፤ ክረምት ሲመጣ ያብጣል፣ በጋ ሲመጣ ይኮማተራል፤ በእንጨቱና በምርጊቱ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ በክፍተቱም ንፋስ፣ አቧራና እርጥበት ይገባል። ክፍተቱን በሲሚንቶ መድፈን የሚመስለው መፍትሔ ብዙ የእንግሊዝ ቤቶችን አበስብሷል። ሲሚንቶ ራሱ ይሰነጠቅና ውሃ ያስገባል፣ የገባውን ውሃ ግን እንደ ጭቃና ኖራ መልሶ አያወጣም፤ ስለዚህ ውሃው እንጨቱ ላይ ያድራል። በእርጥበትና በሻጋታ የለሰለሰውን ኦክ ደግሞ የሚሰረስር ጥንዚዛ አለ፤ ትል የሚመስለው እጩ እንጨቱ ውስጥ ሆኖ ለዓመታት ሲበላ ከውጭ አይታይም፣ የሚታየው የወጣበት ቀዳዳ ነው። ለዚህ ነው በእንዲህ ያለ ቤት የጥገናው ጥበብ በመርዝ ከመርጨት ይልቅ እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ በመፈለግ የሚጀምረው።

ቤቱ የሚፈልገውና ዕቃው የሚፈልገው አየር አንድ አለመሆኑ ችግሩን ያወሳስበዋል። የብረት ቅርስ ዝገትን ለማምለጥ ደረቅ አየር ይሻል፤ ክፍሉን በማሞቂያ ማድረቅ ግን የቤቱን ዐፅም ይሰነጥቃል። የጨርቅና የወረቀት ቅርስ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ያልበለጠ ብርሃን እንዲያገኝ የሙዚየም ሙያ ይመክራል፤ የነጋዴ ቤት መስኮት ግን የተሠራው ሸቀጥ በብርሃን እንዲታይ ነው። መስኮቱን ቢሸፍኑት እንግዳው የቤቱን ዋና ባሕርይ ያጣል፤ ክፍት ቢተዉት ወረቀቱ ይደበዝዛል። በትልቅ ሙዚየም ይህ የሚፈታው በማሽን ነው። በትንሽ ሙዚየም የሚፈታው በመምረጥ ነው፤ የትኛው ዕቃ በየትኛው ደርብ፣ ከየትኛው ግድግዳ ርቆ፣ ለስንት ወር ይቀመጥ የሚለውን የሚወስን ሰው ቤቱን በየወቅቱ የሚያውቅ መሆን አለበት። በጎ ፈቃደኛው ከደመወዝተኛው የሚበልጥበት ሥራ ካለ ይህ ነው፤ ለሃያ ዓመት በዚያው በር የገባ ሰው የትኛው ጥግ በኅዳር እንደሚረጥብ ከመሣሪያው ቀድሞ ያውቃል። የሚያሳስበውም ይኸው ዕውቀት በጭንቅላት እንጂ በመዝገብ አለመኖሩ ነው።

ደረጃውም ሌላ ነገር ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የታሰበ መወጣጫ ለተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀም ሰው አይሆንም፤ አሳንሰር ማስገባት ደግሞ ወራጅ መቁረጥ ይሆናል። ቤቱ በእንግሊዝ የታሪካዊ ሕንጻዎች መዝገብ በሁለተኛው ከፍተኛ ደረጃ የተመዘገበ በመሆኑ አንድም ወራጅ ያለ ፈቃድ አይነካም። ስለዚህ ዋናው ታሪክ ምድር ቤት ላይ እንዲነገር ማድረግ ወይም የላዩን ደርብ በሥዕል ወደ ታች ማውረድ ካልሆነ በቀር ብዙ ምርጫ የለም።

ሙዚየሙ ምን ያሳይ የሚለው ጥያቄ ከውጭ እንደሚታየው ቀላል አይደለም። አክስብሪጅ ለመጠኗ ታሪኳ ሰፊ ነው። በ10ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በደቡብ እንግሊዝ የነበረው የዌሴክስ መንግሥት ነገሥታት በባሕር የሚመጡትን ወራሪዎች ቫይኪንጎችን ለመከላከል ካቋቋሟቸው የተመሸጉ ከተሞች አንዷ ሆና በዘመኑ ዝርዝር ላይ ስሟ ተጽፏል፤ ቆይቶም የሳክሰን ሳንቲም ይመታባት ነበር። ከኮረብታው በላይ ሮማውያን እርሳስ ያወጡ ነበር። ለዘመናት የራሷ ከንቲባና ምክር ቤት የነበራት ከተማ ሆና ከቆየች በኋላ በ1886 ያ ማዕረግ ቀረ። ከዋሻ ሰው እስከ እንጆሪ ባቡር ያለውን ሁሉ በሦስት ጠባብ ደርቦች ላይ ለማስቀመጥ የሚሞክር ሙዚየም እንግዳውን ያደክማል። በአንጻሩ የአካባቢው ሰው አያቱ የሰጠችውን ዕቃ ሊያይ ይመጣል፤ ዕቃው ከሣጥን ወጥቶ ካላገኘው ቅር ይለዋል። የስጦታ ዕቃን በጨዋነት «ይህን አንቀበልም» ለማለት የተጻፈ የአሰባሰብ ፖሊሲ የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ በእንግሊዝ ለሙዚየሞች ዕውቅና የሚሰጠው ሥርዓትም ከሚጠይቃቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ እርሱ ነው። ፖሊሲ ለቢሮ ሰው የተፈጠረ ወረቀት ይመስላል፤ ጎረቤቱን ደጋግሞ እምቢ ማለት ላለበት በጎ ፈቃደኛ ግን ከጠብ የሚያድነው እርሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ቅርቡ ታሪክ ነው። ሚያዝያ 10 ቀን 1973 ከብሪስቶል አየር ማረፊያ ወደ ስዊዘርላንድዋ ባዝል የተነሣ አውሮፕላን ባዝል አጠገብ በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ ከኮረብታ ጋር ተጋጭቶ ከተሳፈሩት 145 ሰዎች 108ቱ ሞቱ። አብዛኞቹ ከአክስብሪጅ፣ ከቼዳርና ከአካባቢው መንደሮች የአንድ ቀን ጉብኝት የወጡ ሴቶች፣ ብዙዎቹም እናቶች ነበሩ። የሳክሰን ሳንቲም የሚያስጎበኝ ሰው ማንንም አያስቀይምም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ጽሑፉን የሚያዘጋጀው፣ በሩ ላይ የሚቆመውና ሊያይ የሚገባው ሰው አንድ ቤተሰብ ሊሆኑ ይችላሉ። በትልቅ ከተማ ያለ ሙዚየም እንዲህ ያለውን መከራ እንደ ርእስ ይይዘዋል። የአካባቢ ሙዚየም እንደ ሐዘን ቤት ነው የሚይዘው፤ ማን ይናገር፣ ማንስ ፎቶግራፉን ይስጥ የሚለው ከጽሑፉ ይቀድማል። በዚህ ረገድ የውጭ ባለሙያ የሚጨምረው ነገር ጥቂት ነው።

ስሙ ይቀየር ወይስ ይቆይ? ሊቀየር ይገባል የሚሉ ሰዎች ክርክር ግልጽ ነው፤ ታሪክ የሚያስተምር ተቋም በራሱ በር ላይ ስሕተት ሊጽፍ አይገባም። እኔ ግን ይቆይ ከሚሉት ጋር ነኝ። እንግዳው «ንጉሡ የትኛው ክፍል ነበር የሚያድሩት?» ብሎ ይጠይቃል፤ በጎ ፈቃደኛውም ወደ ማዕዘኑ ወስዶ የተቀረጸውን ራስ ያሳየዋል፣ ስለ መጠጥ ቤቱ ይነግረዋል፣ ስለ ቼዳር ይጨምርለታል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንግዳው አንድ ወሬ እንዴት ታሪክ መስሎ እንደሚቀር በዓይኑ አየ ማለት ነው። ስሙ «የ15ኛው ክፍለ ዘመን የነጋዴ ቤት» ቢሆን ኖሮ ያ ጥያቄ አይነሣም ነበር። የሚያስፈልገው ማረሚያው ከስሙ ሳይርቅ፣ ተመልካች በማይስተው ቦታ መጻፉ ነው።

የሥራ ክፍፍሉ ጽናት የተፈተነው ባልተጠበቀ ወገን ነው። የግዛቱ ሙዚየሞች አገልግሎት በ2014 ከመንግሥት መዋቅር ወጥቶ ሳውዝ ዌስት ሄሪቴጅ ትረስት ለሚባል ራሱን ለቻለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ተላለፈ። የሴጅሙር ወረዳ ምክር ቤት ደግሞ ሚያዝያ 1 ቀን 2023 ፈርሶ ከሌሎቹ የግዛቱ ወረዳዎች ጋር በአንድ የሰመርሴት ምክር ቤት ተጠቃለለ፤ ይህ አዲሱ ምክር ቤት በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የገንዘብ አስቸኳይ ሁኔታ አወጀ። በስምምነቱ ላይ ደመወዝተኛ ሠራተኛና በጀት የነበራቸው ሁለቱ የአስተዳደር አካላት በቀድሞ መልካቸው የሉም። የአክስብሪጅ ማኅበር ለቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ሲያወጣ ከወረዳው ጋር ይጨርሰው የነበረውን ጉዳይ አሁን በቶንተን ከተማ ካለ፣ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ከሚያስተዳድርና ወጪ ከሚቀንስ ምክር ቤት ጋር መነጋገር አለበት፤ ለዚያ ድርድር ይዞት የሚቀርበው ዋናው ነገር በተራ የሚገቡት ሰዎች የስም ዝርዝርና ከናሽናል ትረስት ጋር ያለው ስምምነት ነው።